ነጭ የወጣው ከል

ደርበውን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የገዛ ስሙ ነው። የተኛበትን ክፍል ከጓዳው የሚለየው በሸምበቆ ርብራብ ላይ የተመረገ ጭቃ ብቻ ነበረ፤ ጭቃውም በየቦታው ስለ ረገፈ፣ ወዲያ የሚነገረው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። የወንድሙ ሚስት ጥሩነሽ ከጎረቤቷ ጋራ ሽንኩርት እየላጠች ታወራለች። «ፎቶግራፍ ያነሣት ባዳ አይደለም፤ ራሱ ደርበው ነው» ትላለች። «ቡናው እንደ ጥጥ ፈንድቶ፣ እሷ ከመካከሉ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሳ ቆማለች። ያኔ እኮ የባሏ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም።» ጎረቤቲቱም የሴትዮዋ ወገኖች፣ የዳሪሙ ሰዎች፣ ለሟች ከል መልበስ አያውቁ እንደ ሆነ ጠየቀች። ጥሩነሽም እነርሱስ ያውቃሉ፣ ያላወቀችው እርሷ ናት ብላ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸውም ያን ያህል ክፋት ያለበት አልነበረም፤ ሰው በማለዳ ሥራው ላይ ሳለ በሌላው ኑሮ እንደሚስቀው ያለ ሳቅ ነበረ።

ደርበው ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ጣራውን ይመለከት ጀመር። ይህ የጎሬው ቤት የታላቅ ወንድሙ የዳምጤ ነው፤ እናታቸው ወይዘሮ ሀረገወይንም ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ የሚኖሩት እዚሁ ነው። እርሱ ፎቶ አንሺ ሆኖ ከሚኖርባት ከመቱ የመጣው ትናንት በጭነት መኪና ሲሆን፣ ያመጣውም ጉዳይ ይኸው በጓዳ የሚታማው ጉዳይ ነበረ። መካከለኛው ወንድማቸው ወልደ ማርያም ባለፈው ጥር መቱ ላይ ሲሞት፣ ለነፍስ አባቱ በተናገረው ኑዛዜ፣ ሚስቱ ሻሽቱ ዓመት ሙሉ በከል ከተቀመጠችለት ቤቱና ከቤቱ ጀርባ ያለው ቡና የእርሷ እንዲሆን፣ ዓመቱ ሳይሞላ ከሏን ካወለቀች ግን ለወንድሞቹ እንዲመለስ አዞ ነበረ። ልጅ አልወለዱም። አሁን ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎች በዚህ ግቢ ተቀምጠው፣ ሻሽቱ ከሏን አውልቃለች ወይስ አላወለቀችም የሚለውን ይቈርጣሉ። ከሳሹ ዳምጤ ነው፤ ማስረጃውም ደርበው ያነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ናት።

ፎቶግራፊቱ የምትናገረው ሐሰት ነበረ። ደርበው ያነሣት ቡና በሚያብብበት በመጋቢት ሳይሆን ባለፈው ወር በኅዳር ነው። በዚያች ቀን ቡናው ቀይ ፍሬ ተሸክሞ፣ ቅጠሉም ወደ ጥቁርነት የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ነበረ። ሻሽቱም ከመቱ ዐረብ ሱቅ የገዛችውን ከል ለብሳ ነበረ፤ ነጋዴው ከባሕር ማዶ ከመጣው ጨርቅ ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቁር የለም ብሎ ምሎላት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ሰቅሎባት ነበረ። ቅጠሉንም ጨርቁንም ነጭ ያደረገው ፊልሙ ነው። ይህን ከምድር ላይ የሚያውቅ ደርበው ብቻ ነበረና፣ ዛሬ ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። በመስከረም መጨረሻ መንግሥት የቀጠረው አንድ ፈረንጅ የኢሉባቦርን ደን ሊመረምር መጥቶ መቱ ላይ ሰነበተ፤ ሥዕሎቹንም የሚያጥበው በደርበው ጨለማ ክፍል ነበረ። ሲሄድ የክፍሉን ኪራይ ከፈለና፣ በላዩ ሦስት ጥቅል ፊልም መረቀለት። ይህ ፊልም ኢንፍራሬድ ይባላል አለው፤ የሚበላው ከቀዩ ወዲያ ያለውን፣ ለሰው ዐይን ያልተፈቀደውን ብርሃን ነው፤ ለምለም ቅጠል ያን ብርሃን መልሶ ስለሚተፋው ዛፉ እንደ ጥጥ ይነጣል፣ ጥርት ያለ ሰማይ ግን እንደ ከሰል ይጠቍራል፤ የታመመውንና የደኅናውን ዛፍ የምንለየው በዚህ ነው አለው። ከዚያም ትእዛዙን ዘረዘረለት፦ ከሙቀት እንዲያርቀው፣ ካሜራው ውስጥ ሲያስገባውና ሲያወጣው ድፍን ጨለማ እንዲሆን፣ በሌንሱ ፊት ቀይ መስተዋት እንዲጋርድ፣ ርቀቱን በዐይኑ ካስተካከለ በኋላ ቀለበቱን በሌንሱ ላይ ወዳለችው ትንሽ ቀይ ጭረት መለስ እንዲያደርግ፤ የማይታይ ብርሃን ልኩ ስለማይታወቅ ደግሞ አንዱን ነገር አሳጥሮም አስረዝሞም ደጋግሞ እንዲያነሣው። ስለ ቅጠል ነገረው፤ ስለ ሰማይ ነገረው፤ ስለ ጨርቅ ግን አንዳች አልተናገረም፤ ምናልባት የፈረንጁ ሥራ ከዛፍ ጋራ ብቻ ስለ ነበረ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥቅል በከንቱ ቀረ። ደርበው ለዓመታት የወረቀት ሥራውን ሲሠራ የኖረው በትንሽ ቀይ መብራት ነው፤ ያቺ መብራት ምንም ነገር አበላሽታበት አታውቅምና፣ ድፍን ጨለማ ያለውን ቃል የፈረንጅ ማካበድ አድርጎ ቈጠረው። ቢያጥበው ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምጣድ መሰለ። ሁለተኛውን ግን በጋቢ ተሸፋፍኖ በጣቶቹ እየዳበሰ አስገባው። እናታቸው ወይዘሮ ሀረገወይን መንገድ አልችል ብለው፣ ሟቹ ልጃቸው የሠራውን ቤት በፎቶግራፍ እንዲያሳያቸው ልከውበት ነበረና፣ ካሜራውን ይዞ ወደ ሻሽቱ ግቢ ሄደ። በቦርሳው እንደ ወትሮው ያለ ፊልምም ነበረ። እናቱ የጠየቁት ቤቱን ነበረ፤ እርሱ የላከላቸው ግን ተአምሩን ነው። ወረቀቱ በመድኀኒቱ ውስጥ ሆኖ ሥዕሉ ብቅ ሲል፣ ቡናው ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ የሻሽቱም ከል እንደ አዲስ ሸማ ነጭ ሆኖ ቢያይ፣ በጨለማው ክፍል ብቻውን እንደ ልጅ ሳቀ። እናቱና ወንድሙ ጎሬ ሆነው ሲደነቁ በሐሳቡ ታየው። በማግስቱም ለአንድ ቡና ነጋዴ አስይዞ፣ አንዲት የማብራሪያ ቃል እንኳ ሳይጨምርባት ላካት። የጎሬ ሰዎች የቡና ሰዎች ናቸው፤ ነጭ የለበሰ የቡና ቅጠል አይተው አያውቁም፤ ነጭ የለበሰ ቡና ያዩት በአበባው ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ለሥዕሉ ወር ሰጡት፤ ወሩንም መጋቢት አሉት፤ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውንም በጣታቸው ቈጠሩ።

ደርበው ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና እናቱ ወደ ተቀመጡበት አዳራሽ ገባ። አዳራሹ ጠባብ ቢሆንም ዳምጤ ከቡና ንግድ ያገኘውን ሁሉ አጭቆበታል፦ የማይከፈት ቡፌ፣ የተሸፈነ ሸክላ ማጫወቻ፣ በግድግዳው ላይ የግርማዊ ጃንሆይ ሥዕል፣ ከሥሩም የወልደ ማርያም የሠርግ ፎቶግራፍ። ያቺ የኅዳሯ ሥዕል በቡፌው ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነበረ። ወይዘሮ ሀረገወይን ከመደቡ ላይ ሆነው ዳዊታቸውን ደግመው እስኪጨርሱ ጠበቃቸው፤ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ከዚያም ትናንት ማታ የጀመረውንና የተወውን ነገር እንደ ገና አነሣ። ቅጠሉ ነጭ የሆነው ስላበበ እንዳልሆነ፣ ከሉም ከተነከረበት ቀለም የተነሣ እንደ ቅጠሉ እንደ ነጣ፣ ይህም የፊልሙ ጠባይ እንጂ የሻሽቱ በደል እንዳልሆነ በየዋህ ቃል አስረዳ። እናቱ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ግን መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እኔ ዐይኔ ደከመ እንጂ አልታወረም» አሉት። «ያየሁትን አየሁ። አሁን እንደምትለው ከሆነ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችሁኛል፤ ወይ ዳምጤ አሁን በቃሉ፣ ወይ አንተ ያኔ በሥዕልህ። የትኛችሁ እንደ ሆነ እንድትነግረኝ አልፈልግም። የቀራችሁልኝ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።» መነጽራቸውንም መልሰው አድርገው ዳዊታቸውን እንደ ገና ገለጡ።

ከቅዳሴ ሲመለሱ ዳምጤ ታናሽ ወንድሙን ከሰው ለይቶ ወደ ቡና መጋዘኑ ወሰደው። ዳምጤ ክፉ ሰው የሚባል አልነበረም፤ ጾሙን ይጾማል፣ እናቱን ይጦራል፣ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሰጥቷል። የወንድሙ ቡና ወደ ዳሪሙ ሰዎች ይሄድብኛል የሚለው ሥጋት ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሣው ጀምሮ ነበረ፤ ፎቶግራፊቱም ስትደርሰው፣ እግዚአብሔር ራሱ የላካት መስላ ታየችው። ሰው የሚፈልገውን ሲያይ ምን ያህል ፈጥኖ ያምናል። በመጋዘኑ ከከረጢቶቹ መካከል ቆመው፣ በመጀመሪያ የቡና ፈረሱላ ዋጋ በዚህ ዓመት እንደ ወደቀ፣ የመኪና ኪራይ ግን እንደ ወጣ ሲያማርር ቆየ። ከዚያም ነገሩን ሳያስጨንቅ፣ የደርበው ሱቅ አሁንም ዝናብ ያስገባ እንደ ሆነ ጠየቀው። ደርበው ያስገባል አለ። «የወልደ ማርያም ቤት የፊተኛው ክፍል መንገዱን የያዘ ነው» አለ ዳምጤ። «መስኮቱም ወደ ምሥራቅ ነው። ለአንተ ሥራ ብርሃን ያስፈልጋል አይደል?» ደርበው ቀና ብሎ አየው። ዳምጤ ግን ዐይኑን ወደ ከረጢቱ መልሶ «እኔ ዋሽ አላልሁህም» አለ። «ስለ ፊልምህ የፈለግኸውን ተናገር። እኔ የምልህ ወንድሜ ነህ ነው፤ ሌላ አላልሁህም።» ከዚያም ከከረጢቱ አንዲት ፍሬ አውጥቶ በጥርሱ ሰበራት፤ ገና እርጥብ ናት ብሎ ተፋት።

ሻሽቱ የደረሰችው ሽማግሎቹ ከመቀመጣቸው ጥቂት ቀደም ብላ ነው። ከመኪናው ከወረደችበት ጀምሮ ዳገቱን በእግሯ ወጥታለች፤ የከሏ ጫፍ በቀይ አቧራ ተለውሷል። በእጇ ለአማቷ ያመጣችው አንድ ቅል ማር ነበረ። በበሩ ቆማ ሰላምታ ሰጠች፤ ወይዘሮ ሀረገወይን ከመደባቸው ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩነሽ ቅሉን ተቀብላ የት እንደምታስቀምጠው ሳታውቅ ከበሩ ሥር አስቀመጠችው፤ ከዚያም ወዲያ ያነሣው የለም። ሻሽቱ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቃል የምትቈጥብ፣ በገበያም በለቅሶም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። ደርበውን ስታየው ፊቷ ጥቂት ተፈታ። ደርሰህልኛል አለችው፤ እርሱም ከቦርሳው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለውን የመጨረሻውን ጥቅል ፊልም አሳይቷት፣ አይዞዎት እትዬ፣ ዛሬ በዐይናቸው ያያሉ አላት። እርሷ ወደ ጥቅሉ ሳትመለከት አሁንም ፊቱን ታየው ነበረ፤ እርሱ ግን ይህን ልብ አላለም።

ሸንጎው የተዘረጋው በግቢው ካለው ዋንዛ አጠገብ፣ ፀሓይ በሚያገኘው በኩል ነው፤ የጎሬ ብርድ በታኅሣሥ ጥላ አያስወድድም። ሰብሳቢው ቀኛዝማች ኦላና ነበሩ፤ ፍርዳቸው ስለማይሸጥ ከቡሬ ድረስ ለሽምግልና የሚፈለጉ ሰው ናቸው። በቀኛቸው የሟቹ የነፍስ አባት፣ በግራቸው ምላሱ ከምላጭ የሚሳለው የቡና ደላላው አቶ ቀነዓ ተቀመጡ። ካህኑ ኑዛዜውን ቃል በቃል መሰከሩ። ዳምጤ ፎቶግራፊቱን አቀረበ። የመቱ ሰው በደጅና በገበያ ሻሽቱን በከል እንዳያት አልክድም አለ፤ የእርሱ ክስ፣ በግቢዋ ውስጥ፣ ሰው አያየኝም ባለችበት፣ ባሏ በሞተ በሁለተኛው ወር ነጭ ለብሳ ለፎቶግራፍ ቆማለች የሚል ነበረ። ሻሽቱ ስትጠየቅ በኦሮምኛ አጠር አድርጋ መለሰች፦ ጨርቁ ያ ነው፣ አሁን የለበስሁት ይኸው ነው፣ ወሩም ኅዳር ነበረ፣ ከእኔ ሌላ በግቢው የነበረ ሰው ደርበው ብቻ ነውና እርሱን ጠይቁ አለች።

ቀኛዝማች ኦላና ሥዕሉን ወደ ፀሓይ አዘንብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። የተወለዱት ከቡና ሥር እንደ ሆነ፣ ያበበ ቡና ሲያዩ ሰባ ዓመት እንዳለፋቸው፣ ይህም ያበበ ቡና እንደሚመስላቸው ተናገሩ፤ ነገር ግን ልጁ የሚለው ካለ እንሰማዋለን አሉ። ደርበው ተነሥቶ ያውቅ የነበረውን ሁሉ ተናገረ፤ ስለማይታየው ብርሃን፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ጥቁሩ ጨርቅ፣ ሰው እንኳ ፊቱ እንደ ሰም እየነጣ እንደሚወጣ ጭምር። ሲናገር ሞቀው፤ ከዳኝነት ፊት መቆሙን ረስቶ እንደሚያስተምር ሰው እጁን ያወዛውዝ ጀመር። ስለ ሻሽቱ የተናገረው ግን እምብዛም አልነበረም። አቶ ቀነዓ በጥሞና ሰማና «ኦቦ ደርበው፣ እንደ ቃልህ ከሆነ እኔን ብታነሣኝ ፈረንጅ ሆኜ እወጣለሁ ማለት ነው» አለ። «እንግዲያስ ይቅርብኝ፤ ሚስቴ ውሻ ትለቅብኛለች።» ሸንጎው ሳቀ፤ ካህኑም ሳይቀሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ደርበው በሳቁ ተነካ። የቀረችው አንዲት ጥቅል ናት፤ አሁኑኑ በፊታችሁ የዚህን ዋንዛ ቅጠልና የእትዬ ሻሽቱን ከል አነሣለሁ፤ በዚሁ ከተማ የማውቀው ሰው ጨለማ ክፍል አለው፣ ሳይመሽ አጥቤ አሳያችኋለሁ አለ። ይህ ነገር ቀኛዝማቹን ደስ አሰኛቸው። ዳምጤ ግን ተነሥቶ፣ ፊልሙ ከመቱ በተዘጋ ቆርቆሮ የመጣ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የተሣለ ነገር በውስጡ እንዳይኖር ይመርመርልኝ ብሎ አመለከተ። ጥያቄው አግባብ ያለው ይመስል ነበረ፤ በገበያም ቢሆን ከረጢቱን ሳይበረብር ቡና የሚገዛ የለም። ቀኛዝማች ኦላና እጃቸውን ዘረጉ። ደርበው ቆርቆሮው እንዳይከፈት፣ ፊልሙ ብርሃን እንደማይችል እየተናገረ ሰጣቸው፤ ለምን ቢባል፣ ለታላቅ ሰው የተዘረጋን እጅ ባዶ መመለስ አልሆነለትም። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም ይሉ ነበር አባቶቻችን» አሉ። «እውነት ከሆነ፣ ልጄ፣ ፀሓይ ምን ያስፈራዋል?» ይህንንም ብለው ክዳኑን አዞሩ፣ ጥቅሉን አወጡ፣ የፊልሙን ጫፍ ይዘው እንደ ጥጥ ክር በዚያ በእኩለ ቀን ብርሃን እስከ ክንዳቸው ርዝመት መዘዙት። ወደ ሰማይ አንሥተው አዩት፤ ለካህኑም አሳዩ። ባዶ ነው፣ ተንኰል የለበትም፣ ዳምጤ ሆይ አሁን ረካህ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ዳምጤም ረካሁ አለ። ከዚያ በቅን ልብ ወደ ደርበው ዘረጉለትና «በል እንግዲህ አንሣ» አሉት።

ደርበው አልተቀበላቸውም። ቆሞ የተዘረገፈውን ፊልም ይመለከት ነበረ። «ሞቷል» አለ።

«ማን ገደለው?»

«ፀሓይ፣ ጌታዬ።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ አቶ ቀነዓ ብቻ በዝግታ፣ ከራሱ ጋራ እንደሚነጋገር ሰው፣ እንዲህ ያለውስ ምስክር ጅብ ነው፣ ቀን አይወጣም አለ። ቀኛዝማቹ በዐይናቸው ገሠጹት። ሰውየው ፍትሕ የሚወዱ ነበሩና፣ በገዛ እጃቸው አንዳች ነገር እንዳበላሹ ሳያውቁትም ቢሆን ደስ አላላቸውም፤ የመዘዙትን መልሰው ለማስገባት ሞከሩ፣ አልገባ አላቸው፣ በወንበሩ ሥር አስቀመጡት። ከዚያም ወደ ደርበው ዘንበል ብለው፣ ከቀድሞው ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ። «ይህን ተወው። ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይበላሻል። አንተ ግን በዚያች ቀን በዚያ ግቢ ነበርህ። በወንድምህ አጥንት ማልልን። በዐይንህ ያየኸው ጨርቅ ነጭ ነበረ ወይስ ጥቁር? አንድ ቃል ይበቃናል፤ በዚያችው ቃል እንፈርዳለን።»

ይህ ሁሉን የሚጨርስ ጥያቄ ነበረ፤ መልሱም ለሕፃን የማይከብድ። ደርበው አፉን ከፈተ። ቃሉ በምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ነገር ግን በዚያች በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ብዙ ነገር ገባ። ወይዘሮ ሀረገወይን በደጃፉ ወንበር ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ስበዋል። ዳምጤ መሬቱን በዘንጉ ይጭራል፤ ጥቁር ብዬ ብምል ታላቅ ወንድሜን በከተማው ፊት የመበለት ቤት ቀሚ አደረግሁት ማለት ነው ሲል ደርበው አሰበ። አቶ ቀነዓም ለሌላ ቀልድ ከንፈሩን እያላሰ ነበረ፤ ፊልሙን ያመነ ሰው ፊልሙ ሲሞትበት በመሐላ አመለጠ ይለኛል ሲል ደርበው ፈራ። ከዚህም ሁሉ በኋላ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለከተው መስኮት ታየው፤ የማለዳው ብርሃን በወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ የተነሡ ሰዎች ሥዕሎች በግድግዳው ተሰቅለው ታዩት። ወዲያው አፈረና ሊያባርረው ፈለገ፤ የሰው ልብ ግን ያፈረበትን ነገር ፈጥኖ አያባርርም።

«ማስረጃዬ ፊልሙ ነበረ» አለ።

«አልምልም ትላለህ?»

ደርበው ራሱን ደፋ። ቀኛዝማች ኦላና ጠበቁት፤ ሸንጎውም ጠበቀ፤ ሻሽቱም ጠበቀች። ሽማግሌው በመጨረሻ ከልባቸው ተንፍሰው፣ የቅርብ ዘመድ ሊምልለት ያልደፈረውን ነገር ሽማግሌ ሊያምነው እንደማይችል ተናገሩ። ከሁለቱ ጋራ ተንሾካሾኩ፤ ካህኑ እንደ ነገሩ ተከራከሩ፣ ከዚያም ተዉት። ፍርዱም፣ የኑዛዜው ቃል እንዲጸና፣ ቤቱና ቡናው ለሁለቱ ወንድማማች እንዲሆን፣ ሻሽቱም እስከ ጥምቀት ዕቃዋን ይዛ ቤቱን እንድትለቅ የሚል ሆነ። ሻሽቱ አልጮኸችም፤ እንደ ሌሎች ሴቶችም መሬት አልመታችም። ፍርዱ በኦሮምኛ እንዲደገምላት ጠየቀች፤ ሲደገምላትም፣ የመጀመሪያውን በደንብ ሰምታው እንደ ነበረ በሚያሳውቅ አኳኋን አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነሥታ ለአማቷ እጅ ነሣችና ወጣች።

ደርበው ከተማውን አቋርጦ ከመኪናው መቆሚያ አጠገብ ደረሰባት። ከሩቅ ሲከተላት ይናገር የነበረው ንግግር ከአጠገቧ ሲደርስ ጠፋው። በምትኩ፣ እንደ ወትሮው ያለ ፊልም እንዳለው፣ መቱ ሲመለሱ በዚያው ቦታ በዚያው ልብስ እንደሚያነሣት፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ እንደሚወጣ፣ ያንንም ለቀኛዝማቹ ወስዶ እንደሚያሳያቸው ይቀባጥር ጀመር። ሻሽቱ መንገዱን እያየች አስጨረሰችው።

«ደጋግመህ አነሣኸኝ» አለች። «በየጊዜውም ‘አይንቀሳቀሱ እትዬ፣ ወደዚህ ይመልከቱ’ አልኸኝ። እኔም አልተንቀሳቀስሁም፤ ወደ አንተ ተመለከትሁ። አንተ ያን ጊዜ ዐይንህ የት ነበረ?»

ደርበው ስለ ዳምጤ፣ ስለ እናቱ ሊነግራት ጀመረ። እርሷ እጇን አንሥታ ከለከለችው፤ በቁጣ አልነበረም፤ በገበያ ዋጋ ያልተስማማው ሰው ሻጩን እንደሚያሰናብተው ነበረ።

ከቡሬ የመጣው የጭነት መኪና አቧራውን አስከትሎ ቆመ። ከቡናው ከረጢት ላይ ነጋዴዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ዶሮ፣ አንዳንዱ የጨው አሞሌ ታቅፏል፤ የእግር መርገጫ እንኳ አልነበረም። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ቦታ የለም፣ ነገ ኑ አለ። ያን ጊዜ ከከረጢቶቹ አናት ላይ አንዲት ወፍራም ነጋዴ ሴት ቁልቁል ተመለከተችና፣ የማታውቃትን ሻሽቱን አይታ፣ አጠገቧ ያለውን ሰው በክርኗ ጎሸመችው። «ተነሥ አንተ፣ ለባለ ኀዘኗ ቦታ ልቀቅ» አለችው። «ከሏን አታይም እንዴ?» ሰውየው ዞሮ አየና ሳያጉረመርም ተነሣ። ሌሎቹም እግራቸውን ሰበሰቡ፣ ዶሮዎቻቸውን አነሡ፤ ሁለት ወንዶች ጎንበስ ብለው ክንዷን ይዘው ወደ ላይ ሳቧት። ሾፌሩም ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ።

ነጋዴዋ ሻሽቱን ከአጠገቧ አስቀምጣ፣ ማን ሞቶባት እንደ ሆነ ጠየቀቻት። ሻሽቱ ባሌ አለች። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ የከሏን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና፣ እንዲህ ከሏን አጥቍራ ሟቿን ያከበረች ሴት ብዙ አላየሁም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለቻት። ከዚያም ከመኪናው ሥር ቀና ብሎ የቆመውን ደርበውን አየችው፤ እርሱም ይወጣ ዘንድ አስባ ለእርሱም ጥቂት ፈቀቅ አለች።

«ይኸስ? የሟቹ ዘመድ ነው?»

ሻሽቱ ቁልቁል ተመለከተችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«አይደለም» አለች። «ፎቶ አንሺ ነው።»

ነጋዴዋም የተወችለትን ቦታ መልሳ ያዘችው፤ መኪናውም ቁልቁለቱን ይዞ ወደ መቱ ወረደ።